በውስጥ እግር የሚሸሸግ ጥቁር ነቀርሳ

ጤና ከሀብትና ከማዕረግ ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነቀቀው ለሚያየው አካሉ ብቻ ነው። ፊቱን በመስተዋት ያያል፤ እጁንም ሲሠራበት ያየዋል፤ ውስጥ እግሩን ግን እሾኽ ካልወጋው በቀር ዓመቱን ሙሉ ሳያየው ይኖራል። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው በሽታ በኛ አገር ሰዎች ላይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሸሸገው በዚሁ ባልታየው ስፍራ ነው። ስሙም ሜላኖማ ይባላል። ከቈዳ ነቀርሳዎች መካከል በቍጥር ያነሰ ሲሆን በገዳይነቱ ግን የበረታ ነው።

የውጭ አገር ሰዎች ስለዚህ በሽታ ብዙ ጽፈዋል፤ ነገር ግን የጻፉት አብዛኛውን ስለ ነጭ ሕዝብና ስለ ፀሐይ ነው። ስለዚህ በኛ ዘንድ ስሙን የሰማ ሰው ቢኖር እንኳ «ይህስ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ ይተወዋል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ግን ሰው የሚያጠፋ ስሕተት ነው። እኔም ከእምድብር ሆኜ ይህን ጽሕፈት የማቀርበው በሽታው በዓለም ላይ እንዴት እንደ በዛ፣ ከታመሙትም መካከል ስንቱ እንደሚድን፣ በኛም ቤት ምን ሊደረግ እንደሚገባ አንባቢዎች እንዲያስተውሉት ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የበሽታው ጠባይ

በሰው ቈዳ ውስጥ ቀለም የሚያዘጋጁ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነርሱም የሚሠሩት ቀለም ሜላኒን ይባላል፤ ጠይሙን ጠይም፣ ጥቁሩንም ጥቁር የሚያደርገው ይኸው ነው። ሜላኒን ለቈዳ እንደ ጥላ ሆኖ የፀሐይን ጐጂ ጨረር ይከላከላል። እነዚህ ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ መባዛት ሲጀምሩ በሽታው ሜላኖማ ይሆናል። ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ነው፤ «ሜላስ» ማለት ጥቁር ማለት ነውና። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ በ1804 ዓ.ም. ይህን ጥቁር ዕጢ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለባልንጀሮቹ አስረዳ፤ ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጠው ግን ሮበርት ካርስዌል በ1838 ዓ.ም. ነው።

የዚህ በሽታ ክፋቱ በአንድ ስፍራ ተወስኖ አለመቅረቱ ነው። አስቀድሞ በቈዳው ገጽ ላይ እንደ ቀለም ጠብታ ይዘረጋል፤ ቈይቶም ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያም ወደ ንፍፊት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አንጐልም ይሄዳል። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1970 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ የበሽተኛውን ዕድል ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው የዕጢው ውፍረት በሚሊሜትር ሲለካ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሳለ የተቈረጠለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ከአራት ሚሊሜትር ካለፈ ግን ነገሩ እጅግ አስጊ ይሆናል። እንግዲህ ሞትንና ሕይወትን የሚለየው ከጥፍር ውፍረት የማይበዛ ነገር ነው ማለት ነው።

በዓለም ላይ ስለ መብዛቱ

የዓለም የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2020 ዓ.ም. በመላው ዓለም 325 ሺህ ያህል ሰዎች በአዲስ ሜላኖማ ሲያዙ 57 ሺህ ያህል ሞተዋል። ነገሩ በዚሁ አካሄድ ከቀጠለ በ2040 ዓ.ም. አዲስ ታማሚዎች 510 ሺህ፣ ሟቾችም 96 ሺህ ይሆናሉ ተብሎ ተገምቶአል።

ይህ ሸክም ግን በሕዝቦች ላይ በእኩል የተከፋፈለ አይደለም። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ከ100 ሺህ ወንዶች በዓመት 42 ያህል፣ ከ100 ሺህ ሴቶችም 31 ያህል በሽታው ይይዛቸዋል። በምዕራብ አውሮፓ ቍጥሩ 19 ያህል ነው። በብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ግን ከ100 ሺህ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም።

የአውስትራሊያ ምክንያት ግልጽ ነው። ከእንግሊዝና ከአየርላንድ የፈለሱ ነጭ ሰዎች ለደመናና ለጉም የተፈጠረ ቈዳቸውን ይዘው ወደ ጠራራ ፀሐይ አገር ገቡ። ሄንሪ ላንካስተር የተባለ የአውስትራሊያ ምሁር በ1956 ዓ.ም. የሟቾችን መዝገብ መርምሮ፣ ሰው ወደ ምድር ወገብ በቀረበ መጠን በሜላኖማ የሚሞተው እንደሚበዛ አሳየ። በኋላም ሀብት ሲበዛ በባሕር ዳር ራቁትን ተጋድሞ ቈዳን ማጥቈር እንደ ውበት ተቈጠረ፤ በመብራት ቈዳ የሚያጠቍር መኝታ እንኳ ተሠራ። ይህንም መኝታ የነቀርሳ ምርምር ድርጅቱ በ2009 ዓ.ም. ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ተራ አገባው፤ ብራዚልም በዚያው ዓመት ከለከለችው።

አውስትራሊያውያን ግን ችግራቸውን አይተው ዝም አላሉም። በ1981 ዓ.ም. ሸሚዝ እንዲለብሱ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንዲቀቡ፣ ባርኔጣም እንዲደፉ ሕዝቡን የሚያስተምር ታላቅ ዘመቻ ጀመሩ። ከዚያ ትምህርት በኋላ ባደጉት ወጣቶች መካከል በሽታው እየቀነሰ መሄዱ ታይቶአል። በሸመገሉት ላይ ግን አልቀነሰም፤ በልጅነት የተቃጠለ ቈዳ ዕዳውን የሚያስከፍለው በእርጅና ነውና።

መዝገብ ስለሚያሳየውና ስለሚሰውረው

እኔ በፍርድ ቤት በጸሓፊነት የምሠራ ሰው ስለ ሆንሁ ቍጥር በዛ ሲባል ወዲያው አላምንም። በአንድ ዓመት 200 የድንበር ክስ ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት 400 ቢመዘገብ፣ ድንበር ገፊው በእጥፍ ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ፍርድ ቤቱ ለባላገሩ ቀርቦለት ይሆናል፤ ምናልባትም ቀድሞ በሽማግሌ ያልቅ የነበረው ትንሹ ጠብ ሁሉ ወደ መዝገብ ገብቶ ይሆናል። ስለዚህ እውነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የነፍስ ግድያውን ለብቻው አውጥቶ ይቈጥራል፤ የሞተ ሰው አይሰወርምና።

የሜላኖማም መዝገብ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በ1975 ዓ.ም. ከ100 ሺህ ሰው 8 ያህል ይመዘገብ የነበረው በሽታ ዛሬ ከ20 በላይ ሆኖአል። በሽታው ከያዛቸው በኋላ አምስት ዓመት የሚቈዩትም በዚያን ጊዜ ከ100 ሰው 82 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ 94 ያህል ናቸው። የሟቾቹ ቍጥር ግን በዚያ ዘመን ሁሉ ከ100 ሺህ ሰው ከሁለትና ከሦስት መካከል ሳይወጣ ቈይቶአል። በሽታው ይህን ያህል ከበዛ ሟቹ ስለምን አብሮ አልበዛም? የሚል ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

በ2021 ዓ.ም. አንዳንድ ሊቃውንት የሰጡት መልስ የሚከተለው ነው። ሐኪሞች የሰውን ቈዳ አጥብቀው መመርመር ስለ ጀመሩ፣ ማንንም ሳይገድል ይቀር የነበረው ጥቃቅን ምልክት ሁሉ ነቀርሳ ተብሎ ወደ መዝገብ እየገባ ነው ይላሉ። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አሥር ሰዎች ታመው አምስቱ ቢሞቱ የሚድነው ከመቶ አምሳ ነው። በእነዚህ ላይ ምንም ጕዳት የሌለባቸው ሌሎች አሥር ሰዎች ቢጨመሩ ታማሚው ሀያ ይሆናል፤ ሟቹ ግን ያው አምስት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚድነው ከመቶ ሰባ አምስት ሆነ፤ የመቃብሩ ቍጥር ግን አንድ እንኳ አልቀነሰም።

ይህ ሲባል ግን በጊዜ መታየት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ በሽታው በቈዳው ላይ ብቻ ሳለ የተገኘባቸው ሰዎች ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን አምስት ዓመት ያልፋሉ፤ ወደ ሩቅ ብልት ከተሠራጨ በኋላ የተገኘባቸው ግን ከ100 ሰው 35 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ስለ አዲሶቹ መድኃኒቶች

ሜላኖማ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ከሄደ በኋላ ሐኪም የሚሠራው ጥቂት ብቻ ነበር፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን ኢፒሊሙማብ የሚባል መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ተከተሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ነቀርሳውን ራሳቸው አይገድሉትም፤ የሰውነት ጠባቂዎች የሆኑትን ነጭ የደም ሕዋሳት ከያዛቸው እስራት ፈትተው በጠላታቸው ላይ ይለቋቸዋል እንጂ። የዚህን ነገር መንገድ ያገኙት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለት መድኃኒቶች ተደርበው የተሰጡበት አንድ ታላቅ ጥናት ውጤቱ በ2024 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ በሽታው ከተሠራጨባቸው ሰዎች መካከል ከ100 ሰው 43 ያህሉ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል። በአሜሪካም ነጮች መካከል ከ2013 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ብቻ በሜላኖማ መሞት 18 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህ እውነተኛ መዳን ነው፤ ከመዝገቡ ብቻ ሳይሆን ከመቃብሩም ቍጥር ተቀንሶአልና። ነገር ግን የመድኃኒቱ ዋጋ እጅግ ውድ በመሆኑ ለድኻው ዓለም ሕዝብ የማይደረስበት ሆኖ ቈይቶአል። ደግሞም በውስጥ እግር ላይ በሚወጣው ዐይነት ላይ ኀይሉ በሌሎቹ ላይ እንዳለው አይደለም።

የኛ ድርሻ

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እምድብር ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሰው በ1 ሺህ ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር ጐጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ነገሩ በፀሐይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደገኛው ሕዝብ ሁሉ በዚህ በሽታ ባለቀ ነበር። ያላለቀበት ምክንያት ፈጣሪ በቈዳችን ውስጥ ያኖረው ሜላኒን ስለ ጠበቀን ነው።

ነገር ግን ፀሐይ ፈጽሞ የማይነካው ሌላ የሜላኖማ ዐይነት አለ። እርሱም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው ነው፤ ሪቻርድ ሪድ የተባለ ሐኪም በ1976 ዓ.ም. ከሌሎቹ ለይቶ ገለጸው። በአሜሪካ ከ1986 እስከ 2005 ዓ.ም. የተያዘው መዝገብ ሲመረመር ይህ ዐይነት በጥቁሮችም በነጮችም ላይ በእኩል ከ1 ሚሊዮን ሰው በዓመት 1.8 ሆኖ ተገኝቶአል። ልዩነቱ ነጩ ሌላ ብዙ ሜላኖማ ስላለበት ይህ ከመቶው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ በጥቁሮች ዘንድ ግን ከመቶው 36 ያህሉን መያዙ ነው።

መዳኑን ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። በዚያው መዝገብ በጠቅላላው ሜላኖማ ከታመሙት ከ100 ሰው 91 ያህል አምስት ዓመት ሲያልፉ፣ የእግርና የእጁ ዐይነት የያዛቸው ግን 80 ያህል ብቻ ናቸው፤ በአሥር ዓመት ደግሞ ከ68 አይበልጡም። በዚያው በአሜሪካም ጥቁር ሰው በሜላኖማ የሚያዘው ከነጩ እጅግ ባነሰ ቍጥር ሆኖ ሳለ፣ ከተያዘ በኋላ አምስት ዓመት የሚቈየው ከ100 ሰው 70 ያህል ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት መዘግየት ነው። በሽታው የነጭ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በሽተኛውም ሐኪሙም አይጠረጥሩም፤ በተጠረጠረ ጊዜም ዕጢው ወፍሮ ይገኛል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን በአገራችንም ስሙ የታወቀው ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ ነው። በ1977 ዓ.ም. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቍስል ተገኘበት፤ ኳስ ሲጫወት የተጐዳው መስሎ ነበር። ሲመረመር ግን ሜላኖማ ሆነ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ ቢመክሩት እሺ አላለም፤ ጥፍሩና በዙሪያው ያለው ሥጋ ብቻ ተነሣለት። በሽታው ግን ወደ ሳንባና ወደ አንጐል ሄደ። በ1980 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጠመቀ፤ ግንቦት 11 ቀን 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ በማያሚ ከተማ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ገንዘብም ሐኪምም ያልጐደለው ሰው በአንድ የእግር ጣት ጠንቅ መሞቱን የሚያስብ ሰው በእንቅፋት ቍስል አይዘናጋም።

ይህ ዐይነት ሜላኖማ ስለምን እንደሚነሣ ሲመረመር፣ በ2016 ዓ.ም. የጃፓን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት በውስጥ እግር ላይ የሚበዛው የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት በተረከዙና በፊተኛው መርገጫ መሆኑን አሳይተዋል። ይህም መረገጥና መጫን በነገሩ ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል የሚለውን አሳብ አጠናክሮታል።

በኢትዮጵያና በጉራጌ አገር

የአገራችን ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ከ100 ሺህ ሰው በዓመት ግማሽ ብቻ ይታመማል ብለን ብናስብ እንኳ ከ500 በላይ ቤተሰብ ይህ መከራ ይደርስበታል ማለት ነው። በመላ አገሪቱ በ2022 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ነቀርሳ 80 ሺህ ያህል ሰዎች በአዲስ እንደ ተያዙ ተገምቶአል። ከሁሉ የሚበዙት የጡትና የማሕፀን በር ነቀርሳ ናቸው፤ ሜላኖማ ከብዛቱ የተነሣ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ሳይታወቅ መቈየቱ ነው።

አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕዝብ የነቀርሳ መዝገብ የተቋቋመው በ2011 ዓ.ም. ነው። ይህም መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የከተማይቱን ነዋሪ የሚመለከት እንጂ በገጠር ቤቱ ታሞ በቤቱ የሚሞተውን ገበሬ የሚይዝ አይደለም። አሜሪካውያን ባይገድል የሚቀረውን ሁሉ መዘገብን ብለው ሲጨነቁ፣ የኛ ጭንቀት ደግሞ የገደለው እንኳ ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው።

የጉራጌ ገበሬ ኑሮው በእንሰት ነው። ወንዱ ሲቈፍርና ሲተክል፣ ሴቲቱም እንሰቱን ስትፍቅ፣ ልጆችም በጀፎረው ላይ ሲሮጡ፣ እግራቸው ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ውሎ ያድራል። ባዶ እግር መሄድ ምን ያህል እንደሚጐዳ በሌላ በሽታ ታይቶአል፤ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከቀይ አፈር የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደያዘ ተገምቶአል። ጫማ ይህን ዝሆኔ በርግጥ ይከላከላል፤ እሾኽንና የመንጋጋ ቈልፍ የሚያመጣውን ቍስልም ይከለክላል። ሜላኖማን ይከለክላል ለማለት ግን የተረጋገጠ ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ ጫማ ያደረገውም ሰው እግሩን ማየት ይገባዋል።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ በተረከዙ ላይ ጥቁር ነገር ወጣበት እንበል። አያመውም፤ ስለዚህ ዝም ይለዋል። ከወራት በኋላ ሲረግጥ መድማት ይጀምራል፤ እሾኽ ነው ተብሎ በመርፌ ይነቈራል። ቀጥሎም ኪንታሮት ነው ተብሎ በጋለ ብረት ይተኰሳል፤ ላዩ ደርቆ የዳነ ይመስላል። በዓመቱ በጕያው ንፍፊት ያብጣል፤ «እግሩን ቢያመው ነው» ተብሎ ይታሻል። በስተመጨረሻ ሳል ሲይዘውና ሲከሳ ልጆቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ይወስዱታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሐኪሙ የሚያደርግለት ነገር ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ማንም ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ወዶት ነው የደከመለት። የጐደለው አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው።

ለዚህ አገር ሰው ግን ሐኪም ፈጽሞ አልራቀም። ከእምድብር ብዙም ሳይርቅ በ1969 ዓ.ም. የካቶሊክ የሕክምና እኅቶች ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል አለ፤ በወልቂጤም የመንግሥት ሕክምና ይገኛል። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በዚያም በ1965 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል ዛሬ ለማናቸውም የቈዳ በሽታ የታወቁ ሐኪሞች የሚገኙበት ነው። ለነቀርሳ ሕክምና ደግሞ ጥቁር አንበሳ አለ።

ምልክቶቹ

የኛ አገር ሰው በውስጥ እግሩና በመዳፉ ላይ በተፈጥሮ ጠቈር ያሉ ነጥቦች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ብዙ ጥፍሮቹም ቀጫጭን ጥቁር መስመር ቢኖራቸው አያስደነግጥም። ሊጠረጠር የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ነው።

አንደኛ፤ በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ በአዲስ የወጣ፣ ወይም ከቀድሞው እየሰፋና መልኩን እየለወጠ የሚሄድ ጥቁር ወይም ቡናማ ምልክት፤ ይልቁንም ጠርዙ የተዛነፈ፣ ቀለሙም ዝንጕርጕር ከሆነ፣ ስፋቱም ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ።

ሁለተኛ፤ በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፤ ይልቁንም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቈዳው ከተሻገረ።

ሦስተኛ፤ ሳምንታት አልፈው የማይድን ቍስል፣ ወይም ኪንታሮት ተብሎ ሲታከም ቈይቶ የሚደማ እብጠት። ይህ በሽታ አንዳንድ ጊዜ ቀለም ሳይኖረው እንደ ቀይ ሥጋ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥቁር አይደለም ተብሎ አይናቅ።

አራተኛ፤ ከእንዲህ ያለ የእግር ቍስል ጋር አብሮ በጕያ የሚያብጥ ጠንካራ ንፍፊት።

እነዚህ ሁሉ ሲታዩ ነቀርሳ ነው ተብሎ አይፈረድም፤ ከብዙው ጥርጣሬ ነቀርሳ ሆኖ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። ፍርዱ ያለ ምስክር አይሰጥም፤ ምስክሩም በመነጽር የሚመረመር ናሙና ነው።

ሊደረግ የማይገባውና የሚገባው

የተጠረጠረ ምልክት በብረት አይተኰስ፤ በምላጭ አይላጭ፤ በፈረስ ጭራ አይታሰር፤ የሚያቃጥል ነገርም አይደረግበት። ይህ ሁሉ ሥሩን ሳይነካ ላዩን ያጠፋል፤ ሐኪሙም በኋላ ውፍረቱን ለክቶ ሊፈርድበት የሚችለውን ማስረጃ ያጠፋበታል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን ጠበሉን ከሐኪም ጋር አያጣላው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።

ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቅ። ይኸውም የተቈረጠው ሥጋ ሳይጣል በመድኃኒት ውስጥ ተቀምጦ ወደ መርማሪው እንዲላክ፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰጠው ነው። ሜላኖማ መሆኑ ከተረጋገጠ ሐኪሙ በዙሪያው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ያነሣዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጣት መቍረጥ ያስፈልጋል። ጣቱን ማጣት ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጣት የጐደለው አባት ለልጆቹ አባት ነው።

ቈዳቸው ያለ ቀለም ስለ ተፈጠሩት ስለ አልቢኖ ልጆችም አንድ ቃል ልጨምር። እነርሱ ሜላኒን ስለሌላቸው በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው የቈዳ ነቀርሳ ገና በወጣትነታቸው ያጠቃቸዋል፤ ምንም እንኳ አብዛኛው ከሜላኖማ ሌላ የሆነ ዐይነት ቢሆን እርሱም ይገድላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረዥም ልብስ ታልብሰው፤ በቀትር ከብት እንዲጠብቅ አትላከው፤ በትምህርት ቤትም በጥላ እንዲቀመጥና ወደ ጥቍር ሰሌዳው እንዲቀርብ ለመምህሩ ትንገርለት። ልጁ እርግማን አይደለም፤ ጥላ የሚያስፈልገው ልጅ ነው እንጂ።

በቤተሰብ መካከል

ለዚህ በሽታ መከላከያው የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ባገራችን ማታ የአባትን እግር ማጠብ፣ እንግዳም ሲመጣ ውሃ አቅርቦ እግሩን ማጠብ ከጥንት የተወረሰ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በከተማ እየቀረ ቢሄድም ለጤና የሚሰጠው ጥቅም ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል፤ እግሩን የሚያጥበው ልጅ ሽማግሌው ራሱ ጐንበስ ብሎ ሊያየው የማይችለውን ያያልና። እንግዲህ የምታጥቡ ልጆች፣ ተረከዙንና በጣቶቹ መካከል ያለውን፣ ጥፍሮቹንም በብርሃን ተመልከቱ። በወር አንድ ጊዜ ቢደረግ ይበቃል።

የጉራጌ ልጅ በአዲስ አበባም ይኑር በባሕር ማዶ፣ በመስቀል ወደ አባቱ ቤት መመለስ ልማዱ ነው። ልብስና ስኳር ይዞ ሲመጣ እናቱም አባቱም ደኅና ነን ይሉታል፤ ወላጅ ሕመሙን በበዓል ቀን አይናገርምና። እርሱ ግን በቃላቸው ብቻ አይርካ፤ ውሃ አሙቆ እግራቸውን ይጠብ፣ እያጠበም ይመልከት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው፣ የተጠረጠረ ነገር ቢያገኝ እስከሚቀጥለው መስቀል አያቈየው፤ ወደ ሥራው ሲመለስ ወላጁን አብሮ ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ።